ክላክስ «አንተ» እና «እርስዎ» አይለይም፦ ስለ መንገድ ላይ ንዴት ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ 9 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፤ አብዛኛውን ከሜክሲኮ ጀሞ። ከዚያ ወዲህ መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ ሰው አስተምራለሁ። «መንገድ ላይ ምን አናደዳችሁ?» ብዬ ብጠይቅ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ የሰው ታርጋ ቁጥር ሳይቀር ልካችኋል። ታርጋውን አውጥቼዋለሁ፤ ንዴቱን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራተኛ ወሬ ነው። የአባቴን አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ነው የምነዳው። መብራት አረንጓዴ ሆኖ ማርሽ ሳላስገባ ከኋላ ክላክሱ ይጀመራል። እጄ ይንቀጠቀጥና መኪናው ይጠፋብኛል። ከዚያማ ይብስባቸዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ ልጄ። መጀመሪያ ለምን እንደሚጠፋብሽ እንይ። ክላክሱ ሲጮህ ደንግጠሽ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ትለቂዋለሽ። ሞተሩ በቂ ነዳጅ ሳያገኝ ጎማውን ግፋ ይባላል። አይችልም፤ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራሽ ክላክሱ ሳይጮህ ያለቀ ይሁን። ሰከንድ የሚቆጥር መብራት ከሆነ 5 ላይ ሲደርስ አንደኛ ማርሽ አስገቢ። የማይቆጥር ከሆነ የጎኑን መንገድ ሰረቅ አድርገሽ እይ። እነሱ መቆም ሲጀምሩ ያንቺ ተራ ደርሷል። ዳገት ላይ ከሆንሽ በእጅ ፍሬን ያዢው፤ ነዳጅ ሰጥተሽ መኪናው ልሂድ ልሂድ ሲልሽ ልቀቂው።

ከጠፋብሽ ደግሞ አትሯሯጪ። ድርብ ፍሬቻ አብሪ። ግራ እጅሽን በመስኮት አውጥተሽ ከፍ አድርጊው። ከዚያ አስነሺ። እጅ ሲያዩ ጩኸቱ ይቀንሳል። ለምን እንደሚቀንስ ከታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ዱብ እና ግሮስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ቦታው ካሊፎርኒያ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሆን ብሎ የማይንቀሳቀስ መኪና ከፊት ያስቆማሉ። አንዳንዴ አዲስና ውድ፣ አንዳንዴ ያረጀ። ከኋላ ያለው ሰው አሮጌው ላይ ቶሎ ጮኸ። ውዱን ግን ታገሠው። እኛም ዘንድ ቪ8 ላንድክሩዘር ላይ ክላክስ የሚያደርግ ጀግና አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የሚጮሁብሽ ስለዘገየሽ ብቻ አይደለም፤ ዲኤክስ ስለያዝሽም ነው። ይሄ መጽናኛ ይሁን ስድብ እንጃ።

ጥያቄ፦ እኔ ከሰው ተጣልቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤት «ዝምተኛው» ነው የምባለው። መሪ ስይዝ ግን ራሴም የማላውቀው ስድብ ከአፌ ይወጣል። ሰይጣን ነው ወይስ ምንድነው?

መልስ፦ ሰይጣኑን ለንስሐ አባትህ ልተወውና እኔ የማየውን ልንገርህ።

የሰርግ ቤት በር ላይ አስብ። ሦስት ሰው እኩል ደረሰ። «እለፉ!» «ኧረ እርስዎ ይለፉ!» «በሞቴ!» ማንም ሳይገባ ወጡ ይቀዘቅዛል። ከሰርጉ ሲወጡ እነዚሁ ሦስት ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። የግቢው በር ላይ ማንም ለማንም አይለቅም። አንዱ አፍንጫውን ያስገባል፣ ሌላው ይጠጋዋል፣ ሦስተኛው ከኋላ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ሰዎቹ ያው ናቸው። የጎደለው ፊት ነው።

መኪና ውስጥ ሆነህ የፊትህን ሰው ዕድሜ አታውቅም። ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ሐዘንተኛ ይሁን ሙሽራ አይታይህም። የሚታይህ ታርጋና የኋላ መብራት ነው። መስታወቱ ጥቁር ከሆነማ ጭራሽ ሰው መኖሩንም ትረሳዋለህ። አማርኛ ደግሞ ሰው ሳያይ የሚያወራ ቋንቋ አይደለም። አፍህን ከመክፈትህ በፊት «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ» ብለህ መወሰን አለብህ። «ጋሼ» አለ፣ «እትዬ» አለ፣ «ወንድሜ» አለ። ክላክስ ያለው ግን አንድ ድምፅ ነው። «ይቅርታ ጋሼ፣ መብራቱ በርቷል» የምትልበትም፣ «አንተ ደንቆሮ» የምትልበትም ያው አንድ ጥሩምባ ነው። አንተ በ«እርስዎ» ትልካለህ፤ እሱ ጋ በ«አንተ» ይደርሳል። እሱም በዚያው ይመልስልሃል። ጠቡ ተጀመረ።

የልጅቷ እጅ የሚሠራውም ለዚህ ነው። እጅ ሲታይ ዲኤክሱ ውስጥ ሰው እንዳለ ትዝ ይላቸዋል።

ሌላም አለ። ሊ ሮስ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ስም ያወጣለት ስህተት ነው። የሌላውን ጥፋት በሁኔታው ሳይሆን በጠባዩ እናሳብባለን፤ የራሳችን ሲሆን ግን ሁኔታው ትዝ ይለናል። እኔ ሰው ፊት ድንገት ከገባሁ ቸኩዬ ነው። እሱ ከገባብኝ ባለጌ ስለሆነ ነው። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ መሪ ይይዝና ይረሳዋል።

ስለዚህ ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ ሰው ሲገባባችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ሰበብ ፍጠሩለት እላቸዋለሁ። «ሚስቱ ምጥ ይዟታል።» «ሽንቱ መጥቶበታል።» እውነት መሆን የለበትም። ይስቃሉ። ሲስቁ መሪው ላይ የጨበጡት እጅ ይላላል። እኔ የፈለግኩት እሱን ነው።

ስለ ችኮላውም ሒሳብ እንሥራ። 10 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 40 ብትነዳ 15 ደቂቃ ይፈጅብሃል። በ50 ብትነዳ 12 ደቂቃ። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ መታጠፍና መጠማዘዝ ለ3 ደቂቃ ነው። ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የቀደምከው ሰውዬ ቀጣዩ መብራት ላይ አጠገብህ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ገርጂ አካባቢ አንዱ ረጅም መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ። «እለፍ» ያለኝ መስሎኝ ገባሁ። እሱ ደግሞ «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ» ማለቱ ነው። ፓራውልቴ ወለቀ። ማነው ጥፋተኛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዝናለሁ፤ አንተ ነህ። ፕላን የሚያነሳው ትራፊክ «ማን መብራት አበራ?» አይልም። «ቅድሚያ የማን ነበር?» ነው የሚለው። ብልጭታ ቅድሚያ አይሰጥም።

ግን ግራ መጋባትህ ይገባኛል። እስቲ በአገራችን ብልጭታ ስንት ነገር እንደሚል እንቁጠር። «እለፍ»። «እንዳትገባ»። «ከፊትህ ትራፊክ ቆሟል»። «መብራትህን አላበራህም»። «በርህ አልተዘጋም»። አንዳንዴ ደግሞ «ሰላም ነው፣ ጠፋህ»። በአንዲት ብልጭታ ይሄ ሁሉ! የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። እንግሊዞች የመንገድ መመሪያቸው ላይ ብልጭታን «እዚህ ነኝ» ከማለት ውጪ ለሌላ አትጠቀሙበት ብለው ጽፈዋል። ነጂዎቻቸው ግን እንደኛው ይጠቀሙበታል አሉ።

የኔ ዘዴ ይሄ ነው። መብራቱን ተውና የመኪናውን አፍንጫ እይ። ፍሬን የያዘ መኪና አፍንጫው ዝቅ ይላል። ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱ በርዶ ብልጭ ካደረገ «እለፍ» ነው። ፍጥነቱ ሳይበርድ ብልጭ ካደረገ «እንዳትገባ» ነው። ካልለየልህ ቁም። አንተ ማሳለፍ ስትፈልግ ደግሞ በመብራት አትመን። ሙሉ በሙሉ ቁምና በእጅህ አሳልፈው።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሾፌሮች ለምንድነው እንዲህ የሚሆኑት? ያለ ፍሬቻ ይገባሉ፣ መሃል መንገድ ይቆማሉ። እርስዎ ከነሱ ስለወጡ እውነቱን ይንገሩን።

መልስ፦ እውነቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ብዙው ሾፌር የወር ደመወዝ የለውም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ነዳጅ ይሞላል። ለተራ አስከባሪ ይከፍላል። ለረዳቱ ይሰጣል። ማታ የተረፈችው የሱ ናት። እኔ ስነዳ እስከ ከሰዓት ድረስ የምሠራው ለሌላ ሰው ነበር። ዝናብ የዘነበ ቀን ወይ መንገድ የተዘጋ ቀን ለራሴ አንድም ሳልሠራ ገብቻለሁ። እንደዚያ ሆነህ እግረኛ መንገዱ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ስታይ የምታየው ሰው አይደለም፤ እራትህን ነው። ፍሬኑን ትረግጠዋለህ። ከኋላህ ማን እንዳለ አታስብም።

ይሄን የምልህ ይቅር እንድትላቸው አይደለም። እንድታነባቸው ነው። ሚኒባስ ፍሬቻው ላይበራ ይችላል። እውነተኛው ፍሬቻ ግን ረዳቱ ነው። እየሄዱ በሩ ሸርተት ካለና የረዳቱ አንገት ወደ እግረኛው ከዞረ 20 ሜትር ሳይሄድ ይቆማል። እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ወደ ታች ካወዛወዘ «ልንገባ ነው፣ ታገሠን» ማለቱ ነው። የመኪናውን ጎን ሁለቴ ደብደብ ካደረገ «ሳበው» ብሎታል፤ ይነሳል። ዓይን ለዓይን ተያይተህ ራስህን ብትነቀንቅለት በሚቀጥለው ቀን ያውቅሃል። መንገዳችን ላይ አፍ ያለው ፍሬቻ እሱ ብቻ ነው። እኛ ግን ስንሰድበው እንውላለን።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ኮድ 3 ሚኒባስ ነጂ ነኝ። ለባለ ቤት መኪናዎቹም ንገርልን እንጂ! ፍሬቻ ስናበራ ነዳጅ ይረግጣሉ፣ ክፍተቱን ይዘጋሉ። ስለዚህ ማብራት ተውን።

መልስ፦ ልክ ነህ፤ እኔም አይቻለሁ። ፍሬቻ ማብራት ዕቅድን ለጠላት እንደመንገር ሆኗል። ይሄ የመንገዳችን ትልቁ በሽታ ይመስለኛል። ሐሳቡን የተናገረ ከተቀጣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ መግባት ይማራል።

ባለ ቤት መኪናዎች፣ ሰምታችኋል። አንድ መኪና ብታስገቡ የምታጡት የአንድ መኪና ርዝመት ነው። 5 ሜትር ገደማ። አንተም ግን ስማ። ፍሬቻህን ከታጠፍክ በኋላ አይደለም የምታበራው። ቢያንስ ሦስቴ ብልጭ ይበልና ከዚያ ግባ። ሲያስገቡህ ደግሞ እጅህን አንሳ። የሚኒባስ ነጂ አመስጋኝ ሲሆን ሰው ደንግጦ ሁለተኛውንም ያስገባል።

ጥያቄ፦ አደባባይ ላይ ቅድሚያው የማነው? ባለቤቴና እኔ ልንፋታ ነው።

መልስ፦ አትፋቱ። አደባባዩ ውስጥ ላለው። የሚገባው ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ስፖኪዮ ለስፖኪዮ ተነካካን። ሰውየው የክሪክ ብረት ይዞ ወረደ። እኔም ልወርድ ስል ሚስቴ ያዘችኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፈሪ አደረገችኝ።

መልስ፦ ለሚስትህ አንድ ነጠላ ግዛላት። ጥሩውን።

ሰው በ«ትንሽ ጭረት» ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ታውቃለህ? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? መኪና አጥር ሆኗል። ስፖኪዮውን ስትነካ ብረት የነካህ አይመስለውም። ናቅከኝ ይልሃል። ስለዚህ የዕቃውን ዋጋ ብትነግረው፣ «ይሄ ርካሽ ነገር» ብትለው ይብስበታል። የተነካው ክብሩ ነው።

ለሌላ ጊዜ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ነገር፣ ስትቆም ሁሌም የፊትህ መኪና የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ እስኪታይህ ድረስ ርቀህ ቁም። ያን ያህል ክፍተት ካለህ ኋላ ሳትል ወጥተህ መሄድ ትችላለህ። ተጠግተህ ከቆምክ ግን ወጥመድ ውስጥ ነህ። ሰውየው ብረት ይዞ ከወረደ በርህን ቆልፍ። መስኮቱን ለሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፈት። ከዚያ «ማነው የነካው?» አትበል። «ደህና ነህ ወንድሜ? አልተጎዳህም?» በል። ስለ ሰውነቱ ጠይቀው። ለቁጣ የተዘጋጀ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀም። ብዙ ጊዜ አፉ ተከፍቶ ይቀራል።

አዲስ አበባ ደግሞ ገላጋይ የማይጠፋበት ከተማ ነው። ጠብ ሳይጀመር ገላጋዩ ይደርሳል። ከመካከላቸው ጸጉሩ የሸበተውን ምረጥና «አባባ፣ እስቲ ይዩልን» በለው። ነገሩ ከሁለት ሰው ጠብ ወደ ሽማግሌ ሥራ ይዞራል። ብረቱ ወደ መኪናው ይመለሳል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መንገድ ላይ አይወሰንም። ፎቶ አንሳ፣ ታርጋውን ያዝ፣ ትራፊክ ጥራ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስድብን ራሱ ያስቀጣል፤ ድብደባውንማ ተወው። ስፖኪዮ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ዓይን አይገኝም።

ጥያቄ፦ ሴት ስለሆንኩ ብቻ በየመብራቱ «ወደ ቤትሽ ግቢ» እባላለሁ። ምን ልመልስ?

መልስ፦ ምንም አትመልሺ፤ መልስ ነው የሚፈልገው። እኔም በሚኒባስ ዘመኔ ይሄን ያልኩ ሰው ነኝ፤ አፈርኩበት። ያስተማርኳቸው ሴቶች ከወንዶቹ ይልቅ ርቀት ይጠብቃሉ፣ ለማቆምም ቀድመው ይዘጋጃሉ። ከኋላ ያለው ችኩል ያን «ፍርሃት» ይለዋል። ፍርሃት አይደለም፤ የማስተምረው እሱን ነው። ቀኝ መስመር ይዘሽ በልክሽ ንጂ። ከተከተለሽ ግን ወደ ቤትሽ አትሂጂ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ቁሚ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ኡበር እነዳለሁ። እዚህ ሰው ክላክስ ብዙ አያደርግም። አንድ ቀን አንዱን ዞር ብዬ ባየው እስከ መውጫው ድረስ ተከተለኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እዚህ ላይ እስካሁን ያልኩትን ልገለብጥ ነው። እኛ አገር ፊት ያበርዳል። እዚያ ግን የተቆጣን ሰው ትኩር ብሎ ማየት «ና እንግጠም» ማለት ሊሆን ይችላል። ክላክሱም እንደዚያው ነው። በኛ ከተማ ክላክስ ሳል ነው። ሰው ጉሮሮውን ይጠርግበታል። አንተ ባለህበት ግን ሳይበዛ የሚሰማ ስለሆነ ይከብዳል፤ ረዘም ካለ ስድብ ነው።

በዚያ ላይ ጠመንጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ክረምት ሎስ አንጀለስ አውራ ጎዳናዎች ላይ ነጂዎች እርስ በርስ ተታኩሰው ነበር። ይሄ የመንገድ ንዴት የሚሉት ነገር ስም አውጥቶ በየዜናው የገባው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንተ ጋ ሕጉ አጭር ነው። ዓይንህን ከፊት አታንሳ። አሳልፈው። ከተከተለህ ወደ ቤትህ አትንዳ፤ 911 ደውልና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ብርሃን ወዳለበት ማደያ ሂድ። «ደህና ነህ ወንድሜ?» ብለህ እንዳትወርድ። የዚያ ምክር አድራሻ ጀሞ ነው።

ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁም አደራ። እዚያ መሃል ጣት ማሳየት በሕግ ያስጠይቃል፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ጀርመንም ስድብ በምልክትም ቢሆን ወንጀል ነው። እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። አባይ በረሃ ውስጥ የፊቴ ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ ያበራል። ሊቆም ነው ወይስ እለፍ እያለኝ ነው? ደግሞስ ለምን እንደዚያ ይሳባል? ሰው ያሳብዳል።

መልስ፦ ከመሳቡ ልጀምር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከዚያ እስከ ደጀን መልሰህ ትወጣለህ። የተጫነ መኪና ያን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ስለዚህ ሾፌሩ ከባድ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ በሞተሩ ጉልበት እየያዘ ይወርዳል። አንተን ስለናቀ አይደለም። ከኋላው ክላክስ ስታደርግ «ቶሎ ብለህ ሙት» እያልከው ነው።

ፍሬቻው የሾፌሮች ልማድ ነው። ቀኝ ሲያበራ «ከፊት ነጻ ነው፣ እለፈኝ»። ግራ ሲያበራ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ»። ብዙ ሰው በዚህ ተርፏል። ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ቀኝ ያበራው ሊቆም ሊሆን ይችላል፤ ግራ ያበራው ራሱ ሌላ ሊቀድም ሊሆን ይችላል። ምክሩን ተቀበል፤ ዓይንህን ግን አታውሰው። ራስህ መንገዱን ሳታይ አትውጣ። ካለፍክ በኋላ ሁለት አጭር ክላክስ አድርግለት። ይሄ ከማውቃቸው ሁሉ ጨዋው ክላክስ ነው። ማንም በስድብ አይተረጉመውም።

ሌላው ቋንቋ ቅጠልና ድንጋይ ነው። መታጠፊያ ላይ የቅጠል ጉዝጓዝ ካየህ ከፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው፤ ቀንስ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ይሻላል፤ ቅጠሉንም ግን አልንቀውም። የማልምረው ድንጋዩን ትቶ የሚሄደውን ነው። መኪናው ተጠግኖ ሄዷል፤ ድንጋዩ መንገዱ መሃል ያድራል። ሌሊት የሚመጣው ሰው ይሄዳል በላዩ። እዚህ ላይ እኔም እሳደባለሁ፤ ይቅርታ።

ሌሊት ረጅም መብራቱን የማይቀንስልህ ሲመጣ አንተም ረጅም አትልቀቅበት። ሁለት የታወረ ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ ይሆናል። አንዴ ብልጭ አድርግለት። ካልቀነሰ ዓይንህን ወደ ቀኙ የመንገድ ጠርዝ አውርደህ፣ ፍጥነትህን ቀንሰህ አሳልፈው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ጀምሮ እግረኛውም ባለ መኪናውም ይሰድበኛል። ምን አደረግኳቸው?

መልስ፦ አልተሰማሃቸውም። ሰዋችን ግማሹን መንገድ የሚሻገረው በጆሮው ነው። ቀስ ብለህ ስትሄድ ድምፅህ አይሰማም፤ ስትነሳ ደግሞ ከቤንዚኑ ትፈጥናለህ። ሰፈር ውስጥ ሰው እስኪያይህ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ድርብ ፍሬቻ አብርቶ መሃል መንገድ ላይ አቁሞ ሱቅ የሚገባውስ?

መልስ፦ ድርብ ፍሬቻ የተሠራው ለብልሽትና ለአደጋ ነው። ዳቦ ለመግዛት አይደለም። ስለዚህ ሰው ሌላ የምለው የለኝም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ይሳደባል። የ5 ዓመት ልጃችን በቀደም አሻንጉሊት መኪናዋን ምንጣፍ ላይ እየገፋች የአባቷን ስድብ ቃል በቃል ደገመችው። ብናገረው መኪና ውስጥ ይጮህብኛል።

መልስ፦ እመቤቴ፣ መኪና ውስጥ አይናገሩት። በዚያች ሰዓት ደሙ ፈልቷል፤ እርስዎም ከፊቱ እንደገባ መኪና ነው የሚታዩት። ቤት፣ ቡና ላይ፣ ልጅቷ ያለችውን ብቻ ይንገሩት። አስተያየት አይጨምሩበት።

ከዚያ ልጅቷን ሥራ ይስጧት። ኋላ ተቀምጣ «አመስጋኝ» ትሁን። አባቷን ያሳለፈውን ሁሉ በእጇ ታመስግን። አንዲት ተማሪዬ ይሄን ሞክራ ነግራኛለች። ልጁ ሥራ ፈት ላለመሆን «አባዬ፣ ማንም አላሳለፈህም እንዴ?» እያለ ሲነዘንዘው፣ አባትየው ራሱ ሰው እያሳለፈ ምስጋና መሰብሰብ ጀመረ። ጠዋት ደግሞ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ውጡ። ግማሹ ንዴት ቤት ውስጥ ካልሲ ሲፈለግ የጀመረ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ይመክሩናል። እርስዎስ መጨረሻ የተቆጡት መቼ ነው?

መልስ፦ ባለፈው ሐሙስ። ከፊቴ አንድ ነጭ ፒካፕ እየተንቀረፈፈ ይሄዳል። ተማሪ ይዤ አርፍጃለሁ። አንድ ረጅም ክላክስ ለቀቅኩበት። ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሁሉ የሚያፈርስ ዓይነት። ፒካፑ ቆመ። በሩ ተከፈተና ከዘራ ቀድሞ ወረደ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። አንድ ማየት የተሳነው ሰው ዜብራውን እስኪጨርስ እየጠበቁ ነበር፤ እኔ ከኋላ አልታየኝም።

መስኮቴ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። «አንተ ነህ እንዴ! እንደምን አደርክ? ቤተሰብ ደህና ነው? ያ ልጅ ትምህርቱን ጨረሰ? እናትህ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው?» ከኋላዬ መኪናው ሁሉ መጮህ ጀመረ። ተማሪዬ ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። እሳቸው ግን ሰላምታቸውን አልጨረሱም፤ ገና ወደ አጎቴ ልጆች እያለፉ ነበር።